«ምክንያት የለኝም ይላል»

መጀመሪያ የከዳኝ ቀኝ ጉልበቴ ነው።

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ እስር ቤት በገባሁ በሦስተኛው ቀን ለቆጠራ ተቀምጠን ነበር። ቆጠራ ማለት እስረኛው ሁሉ አምስት አምስት እየሆነ በግቢው ሲሚንቶ ላይ ይደረደራል፣ ጉልበቱን አቅፎ ይቀመጣል፣ ዘበኛው ደግሞ ረድፉን በዱላው ጫፍ እየጠቆመ በፈረንሳይኛ ይቆጥራል። አንድ ሰው ከተነሳ ከአንድ ይጀመራል። ጥላ የለም። በሐምሌ የሲሚንቶው ግለት ሱሪ አልፎ ይገባል። የዚያን ቀን ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በእጄ ያዝኩት። እጄም አብሮት ተንቀጠቀጠ።

«ብርድ ብርድ አለህ እንዴ?» አለኝ ጎኔ የተቀመጠው ሰው። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠብ ነበር።

ወባ መሰለኝ። ነርሱ ሙቀቴን ለካና «ምንም የለህም፤ ጫት አምሮህ ነው» ብሎ መለሰኝ። ግማሹን አውቆታል።

የሕመማቸውን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ሕመሙ የተሻለ ሰው እንዳደረጋቸው ይነግሩናል። እኔን አላደረገኝም። ስሙን ብቻ ነው የነገረኝ፤ ያንንም የነገረኝ በሌላ ሰው ወጪ ነው። ይህን የምጽፈው እንደኔ ቁጭ ማለት ላቃተው ሰው፣ ይልቁንም ቁጭ ማለት ያቃተው ዘመዱ እስር ቤት ላለበት ሰው ነው።

ጅቡቲ የገባሁት በ1998 ነው፤ የዓመቱን አቆጣጠር እንደ ጅቡቲ፣ በፈረንጆቹ ያዙልኝ። የታሰርኩት በ2012፣ በአርባ ስድስት ዓመቴ። ጠዋት ጠዋት በአንድ የትራንዚት ቢሮ ሰነድ እተረጉም ነበር። ሲጠሩኝ ደግሞ ፍርድ ቤት ለኢትዮጵያውያን አስተረጉማለሁ። ቀሪውን ጊዜ ምኒልክ አደባባይ ካፌ በረንዳ ላይ ከመጽሐፍ ጋር ነው የማሳልፈው። «ብዙ ያነበበ ሰው» ይሉኛል። እውነቱ፣ ብዙ የጀመረ ሰው ነኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ ጊዜው አልፎ ሦስት ጊዜ መጥሪያ ደርሶኝ ነበር። ሦስቱንም የገጽ ምልክት አድርጌ ሦስት መጽሐፍ ውስጥ ከተትኳቸው፤ ከሦስቱ አንዱንም ከመሀል አላለፍኩም። ሊይዙኝ ሲመጡ አራተኛውን እያነበብኩ ነበር። ሦስት ወር ፈረዱብኝ።

ጫቱን ልመለስበት። ጅቡቲ ውስጥ ጫት ከኢትዮጵያ የሚገባው እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከተማው ሌላ ሥራ የለውም። ሌላው ሲቅም ይሞቀዋል፣ ያወራል፣ ዓለምን ያስተካክላል። እኔ ስቅም ዝም እላለሁ። አንድ ገጽ እስከ ታች የማነበው ያኔ ብቻ ነበር። ጓደኞቼ «ጫት ያስተኛዋል» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አብሬ ስቄያለሁ። እስር ቤት ስገባ ጫቱ ቀረ፤ ከሥሩ የነበረው ነገር ብቅ አለ።

በአራተኛው ቀን ወደ ሌላ ክፍል አዛወሩኝ። በሩን አልፌ ሳልቀመጥ ጫጫታ ሰማሁ።

«ጋዙ! ዘጋኸው ወይስ እንደተከፈተ ነው?»

«ሂድና እየው እንጂ! ዘበኛው ያሳልፍሃል፤ የጋዙ ጉዳይ ነው በለው!»

ጥግ ላይ ወዲህና ወዲያ የሚመላለስ፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ቀጭን ሰው ሳይቆም መለሰላቸው፤ «ሳቁ፣ ሳቁ። ሰፈሩ ሲነድ ደግሞ ውሃ ስጡን ትላላችሁ።» ከዚያ አየኝ። ቆመ። «ጋሼ! አንተ አይደለህ እንዴ ፍርድ ቤት የነበርከው? ይኸው ምስክሬ መጣ! እሱን ጠይቁት! ጋሼ ሁሉንም ለዳኛዋ አስረድቶልኛል፤ ያላመኑኝ እሳቸው ናቸው።»

መልኩን አስታወስኩት። ሙላት ይባላል፤ የኮምቦልቻ ልጅ፣ በያጅ። ወደ የመን ሊሻገር መጥቶ፣ ባሕሩን ሲያየው ሐሳቡን ቀይሮ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባል ሰፈር ሥራ የያዘ። ከዘጠኝ ወር በፊት አስተርጉሜለታለሁ። የተናገረውን ግን አላስታወስኩም።

«ጋዙ ምንድን ነው?» አልኩት።

በመገረም አየኝ። «ጋሼ፣ ራስህ የነገርክልኝን!»

ነገረኝ። ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

ወረቀት የሌላቸውን ሲያፍሱ የጋዝ ጎማ ሊገዛ ከሱቁ ወጥቶ ነበር። መኪና ላይ ጫኑት። መንገድ ላይ ትዝ አለው፦ የብየዳውን ጋዝ ከፍቶ ትቶ መጥቷል። ዙሪያው ያሉት ቤቶች ከኮምፔርሳቶና ከቆርቆሮ የተሠሩ ናቸው፤ በር ላይ ከሰል አቀጣጥላ ሳምቡሳ የምትጠብስ ሴት አለች። መኪናው መስቀለኛ ላይ ሲያዘግም ዘለለ። የያዘውን ፖሊስ ገፋው፤ ሰውየው ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ሙላት ሃያ ሜትር እንኳ ሳይሮጥ ተያዘ።

ይሄኔ ችሎቱ ትዝ አለኝ፤ ዳኛዋ «ለምን ዘለልክ?» ብለው ጠይቀውት ነበር። ሙላት ሲመልስ ከጎማው ጀመረ። ከጎማው ወደ አሠሪው፣ ከአሠሪው ወደ መብራት መጥፋት፣ ከዚያ ወደ እህቱ ሄደ። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ የእኔ ሐሳብ በመስኮቱ ወጣ። የት እንደሄደ አላውቅም። ስመለስ ሙላት ጨርሷል፣ ሁሉም እኔን ያያል። አላዳመጥኩም ማለት ነበረብኝ። «ድገምልኝ» ማለት ይበቃ ነበር። እኔ ግን በጥሩ ፈረንሳይኛ እንዲህ አልኩ፦ «ምክንያት የለኝም ይላል።»

ሁለት ዓመት ፈረዱበት።

እስር ቤት ውስጥ ጋዙን በነገረኝ ቀን ይህን አልነገርኩትም። በማግስቱም። ለሳምንት ያህል በየቀኑ «ነገ እነግረዋለሁ» አልኩ።

በስምንተኛው ቀን፣ ቆጠራው ላይ፣ ሙላት ተነሳ። ሁልጊዜም ይነሳ ነበር። ዘበኛው ከአንድ ጀመረ። ደግሞ ተነሳ። ከኋላ ያለው ጠልፎ ጣለው። ሌሎቹም ረገጡት። ለብቻ ማሰሪያው ክፍል ወሰዱት። መስኮት የለውም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ስድስት ቀን። ከግድግዳው ወዲያ ሲቆጥር እሰማው ነበር። በአማርኛ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሰባት ላይ ይጠፋበታል። ከአንድ ይጀምራል። በአምስተኛው ቀን ቁጥሩ ቆመ። ግንባሩን ከበሩ ጋር አጋጭቶ ነበር።

እስከ ዛሬ በሕልሜ ሲቆጥር እሰማውና ሰባት ላይ እነቃለሁ።

ሐሙስ ሐሙስ የምትመጣ የአእምሮ ሐኪም ነበረች። ዶክተር ሐዋ ልበላት፤ የጅቡቲ ተወላጅ፣ በፈረንሳይኛ የተማረች፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ። ሙላትን ግንባሩ እንደተሰፋ አመጡላትና አስተርጓሚ ስትፈልግ እኔን ጠሩኝ። መጠይቅ ነበራት። እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ እሱ ይመልሳል።

«የጀመሩትን ሥራ መጨረስ ይቸግርዎታል? ዕቃ ይጠፋብዎታል? ሰው ሲያናግርዎት ሐሳብዎ ይሄዳል? ጥያቄው ሳያልቅ ይመልሳሉ? ይህ ሁሉ ከልጅነትዎ ጀምሮ የነበረ ነው?»

ስድስተኛው ጥያቄ ላይ ብዕሯን አስቀመጠች። «ይቅርታ» አለችኝ፤ «ሦስቱን ጥያቄዎች ለእሱ አልተረጎሟቸውም። ራስዎ ነው የመለሱልኝ።»

ሙላት ወደ እኔ ዞሮ «ምን አለች?» አለ።

ስሙን በዚያ ቀን ሰማሁ፦ ኤዲኤችዲ። በአማርኛ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ሕመም ይሉታል፤ ስሙ ረጅም ነው፣ ሕመምተኛው እስከ መጨረሻው ማንበቡ ያጠራጥራል። እኔም የሙላትን በሽታ ተጋራሁት። እሱ በእግሩ ነው የሚሄደው፣ እኔ ተቀምጬ። እሷ እንዳለችው፣ እስር ቤት ውስጥ ከውጭ ይልቅ በብዛት ታየዋለች። ሳያስብ የሚዘል፣ ቀጠሮ የሚረሳ፣ ሰልፍ የማይችል ሰው መጨረሻው ወይ እሷ ክሊኒክ ነው ወይ እዚህ፤ ክሊኒኩ ደግሞ ያስከፍላል። ስለ ጫቱም ጠየቅኋት። «ምናልባት ሸፍኖልዎት ይሆናል» አለች። «መድኃኒት ግን አይደለም። ልብዎን፣ እንቅልፍዎንና ጥርስዎን ይወስዳል።»

እዚያው ነገርኳት። በፈረንሳይኛ፣ ሙላት ፊት ለፊታችን ተቀምጦ፣ ምን እንደተናገረና እኔ ምን ብዬ እንደተረጎምኩ። ከዚያ ራሴን ለማዳን «ሕመሜ ነው እንግዲህ» አልኩ።

«ሕመሙ ለምን እንዳላዳመጡት ያስረዳል» አለች። «ከዚያ በኋላ ለምን ዝም እንዳሉ አያስረዳም። የእርስዎን ቃል በጽሑፍ እፈልጋለሁ። አሁን ያሉኝን ደግሞ ለእሱ ይተርጉሙለት።»

ሙላት ጉልበቱን እየነቀነቀ ይጠብቃል። «ምን ተባባላችሁ ጋሼ?»

«ለዳኛዋ ሪፖርት ትጽፍልሃለች» አልኩት።

ውሸት አልነበረም። ፍርድ ቤት ያልኩትም እንደዚሁ አጭርና ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነበር።

መድኃኒቱ፣ ሜቲልፌኒዴት የሚባለው፣ እስር ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ዶክተር ሐዋ ዘበኞቹን አንድ ነገር ብቻ ለመነቻቸው፦ በቆጠራ ጊዜ ሙላት አይቀመጥ፣ የዘበኛውን መዝገብ ይዞ ከረድፍ ረድፍ አብሮት ይሂድ። የዘበኞቹ አለቃ ሳቀባት፤ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ፀሐይ ላይ መቆም እሱንም ሰልችቶት ኖሮ እሺ አለ። በማግስቱ ሙላት መዝገቡን በሁለት እጁ እንደ ታቦት ተሸክሞ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ እያንዳንዳችንን ፊታችንን እያየ አለፈ፤ ቆጠራውም በአንድ ዙር አለቀና ሁላችንም ገና ጀርባችን ሳይግል ወደ ጥላ ገባን። ያን ቀን «ጋዙ» ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። ማታ ከረገጡት ሰዎች አንዱ ከዳቦው ቆርሶ ሰጠው፤ ሙላትም ዳቦውን ይዞ እየተመላለሰ በላው።

ቃሌን ጽፌ ፈረምኩ። ፍርድ ቤቱ ከዚያ ወዲህ ለአስተርጓሚነት ጠርቶኝ አያውቅም፤ ትክክል ነው። ከአምስት ሳምንት በኋላ የሙላት ቅጣት ተቀነሰ፤ የታሰረበት ተቆጥሮለት፣ በጋላፊ ድንበር በኩል ወደ አገሩ ከሚመለሱት ጋር ስሙ ተጠራ። ጨርቁን ጠቅልሎ መጥቶ አቀፈኝ።

«ዳኛዋ አመኑኝ ማለት ነው?»

«አመኑ።»

«ያንተኑ ትርጉም እኮ ነው ያመኑት። ዘገዩ እንጂ!»

በሩ ተዘጋ። አልነገርኩትም።

ከተፈታሁ በኋላ መድኃኒቱ ከውጭ እስኪመጣልኝ ብዙ ጠበቅሁ። በትንሽ መጠን ጀመርኩ፤ አፍ ያደርቃል፣ ምሳ ያስረሳል፣ የደም ግፊት በየጊዜው መለካት ይጠይቃል። ተአምር የጠበቀ ያዝናል። የመጣልኝ ነገር ልከኛ ነው፦ ሰው ሲያናግረኝ ሐሳቤ ወደ መስኮቱ ሲያመራ ጀርባውን አየዋለሁ፣ አንዳንዴም እጠራዋለሁ። ጫት ትቻለሁ፤ ጓደኞቼ እንደ ከሃዲ ያዩኛል። አንድ መጽሐፍ እስከ መጨረሻው አንብቤ መጨረሻው መጥፎ ሆኖ አገኘሁት።

መድኃኒቱን በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ካርቲየ 7 ቢስ ሄድኩ። የብየዳው ሱቅ አሁን የስልክ ካርድ ይሸጥበታል። ሳምቡሳ የምትጠብሰው ሴት ግን ቦታዋ ላይ ነበረች፤ ኻዲጃ ትባላለች። ባለችኝ ሶማሊኛ ስለዚያ ቀን ጠየቅኋት። ማማሰያዋን አስቀመጠች።

«ፉጨቱን ሰማሁ» አለች። «ሽታውን ደግሞ መንገዱ ሁሉ አሸተተው። እኔ ከሰል ላይ ዘይት ጥጃለሁ! ከሰሉ ላይ ውሃ ደፋሁበት፤ የቀኑ ገበያዬ ሄደ። ከዚያ አፌን በሻሼ ይዤ ገባሁና መዝጊያውን ጠመዘዝኩት። እጁ የማያርፍ ሰው ነበር፤ ክፉ ግን አልነበረም። ፖሊስ መጥቶ ይጠይቀኛል አልኩ፤ አልመጣም። ፍርድ ቤት ይጠሩኛል አልኩ፤ የጠራኝ የለም። አሁን አንተ ትመጣለህ። ምን ልታደርግበት?»

ምክር መስጠት አልወድም፤ መቀበል ደግሞ ጭራሽ። ግን ዘመድህ እስር ቤት ሆኖ ቁጭ ማለት፣ ሰልፍ መያዝ፣ የጀመረውን ወሬ መጨረስ ካልቻለ፣ ጥጋብ ነው ከማለትህ በፊት ስለ ልጅነቱ ጠይቅና ለሐኪም ንገር፤ ሐኪም ባይኖር ለእጁ ሥራ ለምንለት። አስተርጓሚ ከሆንክ «አልሰማሁም፣ ድገምልኝ» ማለትን ተለማመድ፤ አያዋርድም። ራስህ ሕመምተኛ ከሆንክ ሕመምህን ከጥፋትህ ለይተህ ያዝ። ሁለቱ አንድ ቤት ነው የሚኖሩት፤ አንዱ ስትጠራው ሌላው አቤት ይላል። ዶክተር ሐዋን አመሰግናለሁ፤ ብዕሯን ስላስቀመጠች።

እስር ቤት ሳለን ለእህቱ ደብዳቤ እጽፍለት ስለነበር ስልኳ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ነበረ። ከኻዲጃ ዘንድ እንደተመለስኩ ደወልኩ። ሙላት ራሱ አነሳው።

«ጋሼ! አለህ እንዴ? ሥራ ላይ ነኝ። በኤሌክትሪክ ብቻ ነው የምበይደው፤ ጋዝ አልነካም።»

ነገርኩት። ዳኛዋ የጠየቁትን፣ እሱ የተናገረውን፣ እኔ ያልኩትን ቃል በቃል። ከጀርባው የብረት መፍጫ ድምፅ ይሰማል። ስድብ ጠበቅሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐሳቤ የትም አልሄደም።

«ታዲያ» አለ በመጨረሻ፣ «ጋዙን ማን ዘጋው?»

የኻዲጃን ቃል ተረጎምኩለት። ፉጨቱን፣ ዘይቱን፣ የተደፋውን ውሃ፣ የቀኑን ገበያ፣ ሻሹን። እጁ የማያርፍ ያለችውንም አልዘለልኩም። ስጨርስ «ድገምልኝ» አለ። ደገምኩለት፣ ምንም ሳልቀንስ።

«እግዜር ይስጥልኝ በላት» አለ። «ለሴትዮዋ ነው ታዲያ። አንተን ግን ጋሼ፣ ገና እያሰብኩበት ነው።»

በማግስቱ ለኻዲጃ ሁሉንም አደረስኩ፤ ለእኔ የተባለውንም ጭምር።