ቅቤ የጠጣው መቋሚያ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ተቀምጠን ዳቦው እየተቆረሰ ሳለ አንድ ወጣት ቄስ ለማስተማር ተነሣ። አንደበቱ ሸጋ የሆነ ልጅ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ስለ ንዋየ ቅድሳት ክብር ሲናገር ቆየና «በጃንሆይ ጊዜ እዚሁ ጎንደር የሆነውን ልንገራችሁ» አለ። «የአንድ መሪጌታ መቋሚያ የነሐስ ራሱ ላልቶ ሴት ልጅ ጠገነችው። በበዓሉ ቀን ታቦት ፊት ሲወርቡ ራሱ ተፈናጥሮ ከሰው መሐል ወደቀ። ያልተገባ እጅ የነካው ነገር እንዲህ ነው።» ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤቴ «በስመ አብ!» ብላ አማተበች። 

ያቺ ሴት ልጅ እኔ ነኝ። ያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ አሁን የልጅ ልጆቼ ወልደዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ስሜ ከወሬው ወልቆ ጠፍቶ ምሳሌ ሆኜ ቀርቻለሁ። ተናደድኩ። እስከ ዛሬ ተናድጃለሁ፤ ይህንንም የምጽፈው ተናድጄ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር።

ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖር አንድ ፈረንጅ ቤት ልጆች እጠብቅ ነበር። ሰውየው የመንገድ መሐንዲስ ነው። ጎልፍ የሚሉት ጨዋታም ነበረበት። ነበረበት የምለው እንደ በሽታ ስለነበረ ነው። እሑድ እሑድ ሜዳ ወርዶ፣ ጫፉ ላይ ብረት በተሰካ ቀጭን ዘንግ ከእንቁላል የምታንስ ነጭ ኳስ እየመታ ተከትሏት ይሄዳል፤ ደርሶ ደግሞ ይመታታል። ገና ሲደርስ መንደር ከመንደር ተጋፍቶ፣ ተሰዳድቦ ሲጫወት ላየ የኛ ሰው፣ ብቻውን የሚጫወት ሰው ያሳዝናል።

ዘንጉና ብረቱ ለየብቻ በፖስታ ይመጡለትና በረንዳው ላይ ተቀምጦ ራሱ ይገጥማቸዋል። የሚያጣብቅበት ሙጫ ኢፖክሲ ይባላል፤ እንደ ጥርስ ሳሙና ባሉ ሁለት ቱቦዎች ነው የሚመጣው። አንዱ ብቻውን ምንም አያደርግም። ሁለቱ እኩል ለእኩል ሲደባለቁ ግን ውለው አድረው ድንጋይ ይሆናሉ። ይህ በአገሩ ነው። በእኛ ክረምት፣ ጭጋጉ ከኮሶዬ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው፣ ሙጫው እንደ ማር እየተለጠጠ አልደርቅ አለው። እሱም ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ የአንዱን ቱቦ አብዝቶ ጨመረ። የሚጠነክርበት መስሎት ነው፤ እንደ ማስቲካ የሚታኘክ ነገር ሆነ። ያን ዘንግ ይዞ ሲሞክር ኳሷ ካለችበት ሳትነቃነቅ ብረቱ በሮ የጎረቤት ጎመን ውስጥ ገባ። ልጆቹም እኔም መሬት ላይ ተንከባለልን።

ከዚያ በኋላ እየያዝኩለት ሥራውን ተማርኩ። ብረቱ ውስጡ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ ዘንጉ በቤንዚን ይጠረጋል፣ ሁለቱ ቱቦዎች እኩል ይጨመቃሉ፣ የተገጠመውም ከምድጃው ብዙ ሳይርቅና ብዙ ሳይጠጋ ይቆማል። የተረፈው ሙጫ ቆርቆሮ ክዳን ላይ ይቀመጣል። በጥፍር ሲጫኑት ምልክት ካልተወ፣ ዘንጉም ደርሷል ማለት ነው። እስከዚያ ንጉሥም ቢመጣ አይነካም። ከሁሉ በላይ የሚፈራው ግን ቅባት ነበር። እጄ ላይ የምግብ ዘይት ካየ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው «አለምነሽ! ቅባት የለም! ቅባት የለም!» እያለ ይጮህ ነበር።

አባቴ መሪጌታ ነበር። ድጓ በቃሉ የሚዘልቅ፣ ከወሎም ከጎጃምም ተማሪ እየመጣ እግሩ ሥር የሚቀመጥለት፣ ድምፁን በቤት ውስጥ ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው። ያን ክረምት ለነርስነት ትምህርት አሥመራ እንድሄድ ተመርጬ ነበር። የቀረኝ የአባቴ ፈቃድ ብቻ ነው። አባቴ ሊፈቅድ ልቡ እያዘነበለ ሳለ የኮሶዬው ታላቅ ወንድሙ አያ ምትኩ መጥቶ «የመሪጌታ ልጅ አሥመራ ሄዳ የወንድ ገላ ልታጥብ ነው?» አለ።  አያ ምትኩን በልጅነቴ አንቱ ብዬዋለሁ፤ ይበቃዋል፣ አሁን አልጨምርለትም።

አባቴ ነገሩን ለማብረድ ዘዴ አሰበ። ያ ሲቆም የሚደገፍበት፣ ሲወርብ የሚያነሣው መቋሚያ ከነሐስ የተሠራው ራሱ ላልቶ ይነቃነቅ ነበር። ጠራኝና «የፈረንጁ ቤት ያስተማረሽን እስቲ በዚህ አሳዪኝ» አለኝ። «ለነሐሴ ኪዳነ ምሕረት ይዤው ልውረብ። ከጸና አያ ምትኩም አፉን ይዘጋል፤ አንቺም ትሄጃለሽ።» ጉልበቱን ሳምኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

መሐንዲሱ የተጋመሱ ቱቦዎቹን ሰጠኝ። የመቋሚያው እንጨት ከአያ ምትኩ ደጅ የተቆረጠ ወይራ ነው። እንደ አገሩ ወግ በየዓመቱ ቅቤ ሲጠጣ የኖረ ስለሆነ ጫፉን በጠርሙስ ስባሪ እስኪነጣ ፋቅሁት፣ በቤንዚን ደጋግሜ ጠረግሁት፣ የነሐሱን ውስጥ ፈገፈግሁ። ሙጫውን እኩል ለእኩል ደባልቄ ገጠምኩና ከምድጃው ፈንጠር አድርጌ አቆምኩት። የተረፈውን ክዳን ላይ አኖርኩ። እናቴንም፣ ተማሪዎቹንም፣ ማንም እንዳይነካው አስጠነቀቅሁ። አያ ምትኩ ግን ለበዓሉ ገና አልመጣም ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። የባቄላ እሸት ገዝቼ ነበር፤ እየበላሁ፣ ብቻዬን እየሳቅሁ ገባሁ። መጀመሪያ ያየሁት ክዳኑን ነው። ሙጫውን በጥፍሬ ተጫንኩት፤ ጥፍሬ ታጠፈ እንጂ እሱ ወይ ፍንክች። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ቀና ስል መቋሚያው የለም።

«አባትሽ ለዋዜማው ይዞት ሄደ» አለች እናቴ። «እንዴት እንደሚያምር ብታዪ! አያ ምትኩ ጠዋት ደረሰና ‹ምነው፣ ወይራ እሳት ዳር ይቀመጣል ወይ? ሊሰነጠቅ አይደል እንዴ!› ብሎ የነሐሱን ራስ ነቀለው። ሸጋ አድርጎ ቅቤ አጠጣውና መልሶ ሰካው።»

«ጫፉንም ቀባው?»

«ጫፉን ነው እንጂ በደንብ ያጠጣው! እንጨት የሚሰነጠቀው ከጫፉ ነው አለ።»

ጾሙ ፍልሰታ ስለነበር ከአፋችን የተከለከለው ቅቤ ሁሉ ለእንጨት ተርፎ ነበር። የባቄላውን ትራፊ መሬት ላይ በትኜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጥኩ። ካህናቱ ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ናቸው፤ እኔ መግባት አልችልም። አያ ምትኩ ከደጀ ሰላሙ ቆሞ ጋቢውን ከዝናብ ይሰበስባል።

«አያ ምትኩ፣ ምነው ነኩት? ገና አልጠነከረም ነበር እኮ! ቅቤ ከነካው አይዝም።»

«ወይራን አንቺ ነሽ የምታስተምሪኝ?» አለ። «ቅቤ የጠላ ዱላ አይቼ አላውቅም።»

«እንግዲያው ለአባ ይንገሩልኝ፤ ነገ ሌላ መቋሚያ ይያዝ። ይወድቅበታል!»

«በበዓል ዋዜማ አታሟርቺ። ሂጂ ወደ ቤትሽ።»

አልነገረውም። አንዱን ዲያቆን ለመንኩት፤ እሱም እሺ ብሎኝ ገባና በዚያው ቀረ።

በበዓሉ ቀን ዝናቡ አቆመ። ጥላው ተዘርግቶ ታቦቱ ወጣ፤ ካህናቱ ፊት ለፊት ተሰልፈው ወረቡን ጀመሩ። መቋሚያዎቹ ከከበሮው ጋር ይነሣሉ፣ ይወርዳሉ፣ ይዘነበላሉ። ዓይኔን ከአባቴ እጅ ላይ መንቀል አቃተኝ። በእርጋታው ጊዜ ጸናለት። ከበሮው ሲፋጠን፣ ጭብጨባው ሲደምቅ፣ አባቴ መቋሚያውን ከፍ ሲያደርግ፣ ነሐሱ ተፈናጥሮ ሄዶ ከሴቶቹ ፊት ጭቃ ውስጥ ተሰካ። እልልታው ተቆረጠ።

«ይኸው!» አለ አያ ምትኩ ከወንዶቹ መሐል። «ሴት ነካካችው! አላልኩም?»

ሕዝቡ አጉረመረመ። በየትኛው መጽሐፍ እንደተጻፈ አንድም የጠየቀ የለም፤ መቋሚያ ተደግፈው የሚያስቀድሱ መነኮሳይያት እዚያው ቆመው ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! አባቴ ግን ወሬውን አልሰማም። ራስ አልባውን እንጨት ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ጣቱ አብለጨለጨ። ወደ አፍንጫው ወስዶ አሸተተው። ያን ጊዜ ወንድሙን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ። ከዚያም እንጨቱን ለተማሪው ሰጥቶ፣ ሌላ መቋሚያ ተቀብሎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ወረቡን ቀጠለ።

ማታ ፍስኩ ቀርቦ ሁሉም ሲበላ እኔ አልነካሁም። አያ ምትኩ እንደሄደ ጠብቄ ተናገርኩ።

«አባ፣ ቅቤ እንደሆነ ያውቃሉ። ሲያሸቱት አይቻለሁ።»

 «ታላቄ ነው» አለኝ። «በካህናት ፊት ታላቄን አላዋርድም። አንቺ ልጅ ነሽ፤ ይረሳል።»

«አሥመራስ?»

«አሁንማ ሰው ምን ይላል? ይቅር።»

ቀረ። ጥር ሳይወጣ ማክሰኝት ለአንድ የእህል ነጋዴ ተዳርኩ። ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስለ እሱ የምናገረው የለኝም። ሲወልዱ ከሞቱብኝ ጎረቤቶቼ፣ ሐኪም ሳያየው ከቀበርኩት የመጀመሪያ ልጄ ፊት ግን በቆምኩ ቁጥር ያ ወረብ ጆሮዬ ውስጥ ይመታ ነበር።

እሑድ ዕለት ሰንበቴው መሐል ተነሣሁ። ጉልበቴ ያስቸግረኛል፤ ግን ተነሣሁ። «ያቺ ልጅ እኔ ነኝ» አልኩ። «መቋሚያውን የጣለው ቅቤ ነው። የቀባው ወንድ ነው።» አንዲት ልጅ ሳቀች፤ ሌሎቹ አቀረቀሩ። ወጣቱ ቄስ ፊቱ ቀላ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሊያጽናናኝ ፈልጎ «እማማ፣ ይተዉት እንግዲህ፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል» አለኝ።

«ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እየሳልኩ ነው የጸለይኩት» አልኩትና ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ ቀንሷል፤ ማንን እንደምጠላ አስባለሁ። አያ ምትኩን ይቅር ብዬዋለሁ። ወይራ ቅቤ እንደሚወድ ያምን ነበር፤ በሚያምነው ሠራ። አባቴን ግን እወደው ነበር፤ ይቅር ልለው ያልቻልኩትም ለዚያ ነው። ያን ሁሉ ድጓ ከዳር እስከ ዳር በቃሉ የያዘ ሰው፣ ያን ቀን ከአፉ የሚፈለገው ሁለት ፊደል ነበር፦ ቅቤ።