የሦስተኛው ጀበና ድምፅ

ጀበናው ገና የጭድና የጭስ ሽታ ነበረበት። አዲስ ሸክላ ከእሳት የወጣበትን ቀን ቶሎ አይረሳም። የልጄ ሚስት ከገበያ አምጥታ እጄ ላይ ስታስቀምጠው፣ አፍንጫዬ ከመዳፌ ቀድሞ አወቀው።

ይቺ ልጅ እቤት ውስጥ ጥሩ ቡና ማፍላት አለብን ብላ ከተነሳች ሰነበተች። በኤሌክትሪክ የሚፈጭ ዕቃ አስመጥታለች፤ ቁልፉን ሲጫኑት ጠረጴዛው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ፍሬውን የምትመዝንበት ትንሽ ሚዛንም አላት። ስልኳን እያየች ይሄ ይሻላል፣ ያ ይሻላል ትላለች። ስለ ጀበና ግን ስልኩ የነገራት ነገር የለም መሰለኝ፣ ወደ እኔ መጣች።

«አባባ፣ የድሮ ሰዎች አንኳኩተው ያውቃሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። እስቲ ያንኳኩትና ይንገሩኝ። ካልሆነ ሻጩ መልሺው ብሎኛል።»

በጣቴ አንጓ ሆዱን መታሁት። ምንም። ደግሜ መታሁት። አንጓዬ መምታቱን ያውቃል፣ ጆሮዬ ግን አላመጣልኝም። ጆሮዬ ከደከመ ቆይቷል፤ ሰው ፊት ለፊቴ ሆኖ ካላናገረኝ አልሰማም። ይሄን ለቤተሰቡ በግልጽ አልተናገርኩም። እናም ሳላስበው ቀና ብዬ የልጅቷን ፊት አየሁ። ፈገግ ብላ ነበር።

ያኔ ነው ጀበናው ከእጄ ሊወድቅ የደረሰው።

ይኸውላችሁ፣ እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ሄርማታ በሚባለው ሰፈራችን የሙሽራ የቡና ዕቃ የምትመርጠው እሷ ነበረች። ሹመት አይደለም፣ ሰው አምኖ የሰጣት ነገር ነው። በሰፈራችን ሴት ልጁን የሚድር ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኛን በር ነው። ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት ስትሄድ የራሷን ጀበና፣ ሙቀጫና ዘነዘና፣ መቁያና ስኒ ይዛ ትሄዳለች፤ በሦስተኛው ቀን አማቶቿ ተሰብስበው በዚያው ዕቃ ታፈላላቸዋለች። የዚያን ቀን ቡና የሙሽራዋ ስም ነው። ካማረ ዕድሜ ልኳን ይነሳላታል፣ ከተበላሸም ዕድሜ ልኳን ይነሳባታል።

ስለዚህ እናቴ አትቸኩልም። ሙቀጫ ስትመርጥ አፍንጫዋን አፉ ውስጥ ከታ ታሸታለች፤ ሳይደርቅ የተፈለፈለ ከሆነ ቡናውን እንጨት እንጨት ያሰኘዋል ትል ነበር። የመቁያውን ውፍረት በአውራ ጣቷ ትዳስሳለች፤ ስስ ከሆነ የፍሬውን ላይ አሳርሮ ልቡን ጥሬ ይተወዋል። የስኒውን ጠርዝ በከንፈሯ ትነካዋለች። ጀበና ጋ ስትደርስ ግን አጠገቧ ያለውን ሰው ሁሉ ዝም ታሰኛለች። አንገቱን በግራ እጇ አንጠልጥላ በቀኝ አንጓዋ ሦስት ቦታ ትመታዋለች፤ ሆዱን፣ ቂጡን፣ እጀታው የተጣበቀበትን። ጥሩው ጥርት ብሎ ይጮሃል፣ ድምፁም ጣቷ ከተነሳ በኋላ ጥቂት ይቆያል። ስንጥቅ ያለበት ግን፣ ዓይን ባያየውም፣ ደፈን ይላል፤ አፉን በጨርቅ ይዞ እንደሚያስል ሰው።

እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴ ከቁርአን ቤት አላለፈም፤ ቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ እሸከም ነበር። በገበያ ቀን ደግሞ ለእናቴ እሸከማለሁ። ጀበና ከመታች በኋላ ሁልጊዜ ቀና ብላ ፊቴን እያየች «መል ጄታ?» ትለኛለች። ምን ትላለህ ማለቷ ነው፤ እኛ ቤት የሚወራው በኦሮምኛ ነበር። አፍ አውጥቼ ብዙም አልመልስላትም። ድምፁ ጥሩ ከሆነ ፊቴ ይፈታል፣ መጥፎ ከሆነ ቅንድቤ ይሰበሰባል፣ በቃ። ሙያዋን ልታወርሰኝ ይመስለኝ ነበር። ወንድ ልጅ ይሄን ተምሮ ምን ያደርግበታል እያልኩ በሆዴ እስቃለሁ።

አሁን ሳስበው ምልክቱ ሁሉ ነበር። ከኋላዋ ሆኜ ስጠራት አትዞርም። አዛን እየተባለ «አዛን አለ እንዴ?» ትለኛለች። እርጅና ነው ብዬ አልፈው ነበር።

በዚያ ዓመት የጎረቤታችን ልጅ ለአጋሮ ሰው ታጨች። ግድግዳችን አንድ ነው፣ አብረን ነው ያደግነው፤ ስትስቅ እኛ ቤት ይሰማ ነበር። እናቷ መጥታ፣ «አደራሽን፣ ለልጄ አንቺው ምረጪላት» አለች።

«የእኔስ ልጅ አይደለችም እንዴ?» አለች እናቴ።

ሙቀጫውን፣ መቁያውንና ስኒውን እዚሁ ከተማ ገዛን። ለጀበናው በጭነት መኪና ሰርቦ ገበያ ሄድን። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ እርጥብ ጆንያ፣ ጭቃና በርበሬ ይሸታል። ሸክላ ሻጮቹ ከገበያው ዳር ጭድ ላይ ደርድረዋል። እናቴ ቁጭ ያለችው አንዲት ወጣት ሻጭ ፊት ነው። የልጅቷ ክንድ ላይ አፈር ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር፣ ዓይኗ ደግሞ አያርፍም።

እናቴ የመጀመሪያውን መታች፣ ፊቴን አየች፣ ወደ ጎን አደረገችው። ሁለተኛውንም እንደዚያው።

«እማማ፣ ጀበና ነው ወይስ ለልጅዎ ሚስት ነው የሚመርጡት?» አለች ሻጯ።

እናቴ አልመለሰችላትም። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተስ ምንድን ነህ? ሚዜ ነህ?»

«ተሸካሚ ነኝ» አልኳት።

«ተሸካሚ ዓይኑ ዕቃው ላይ ነው የሚሆነው። ምን ታየኛለህ? እኔ አልሸጥም፣ ጀበናውን እይ!»

በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች በሳቅ ወደቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ፊቴ ሙሉውን ተከፈተ። እናቴ ሦስተኛውን ጀበና የመታችው ይሄኔ ነው።

ሰማሁት። ሆዱ ላይ ደህና ነበር፣ ቂጡ ላይ ደፈን አለ። ሳቁ ግን ገና ከፊቴ አልወረደም ነበር። እናቴ ቀና ብላ አየችኝና «ይሄ ነው» አለች።

ደነገጥኩ። አፌንም ከፍቼ ነበር። ግን ምን ልበል? ያን ሁሉ ሙሽራ የሸኘችን እናቴን፣ በሚስቁ ሴቶች ፊት፣ ተሳስተሻል ልበላት? እኔ የሰማሁትን እሷ ሳትሰማው አትቀርም፣ የምታውቀው ነገር ይኖራል አልኩ። ጀበናውን በጭድ ጠቅልዬ ተሸከምኩት። «ሰብረኸው እንዳትመለስ!» አለችኝ ልጅቷ ከኋላዬ። መንገዱን ሙሉ እሷን እያሰብኩ ደስ ብሎኝ ነው የተመለስኩት። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።

ሠርጉ ደረሰ። ጀበናውን የሙሽራዋ እናት ራሷ አሟሸችው፤ የቡና አተላ አፍልታበት፣ እሳት አሙቃው፣ ደጋግማ። ለካ አተላው ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ደፍኖት ኖሯል። አንዲት ጠብታ እንኳ አላንጠባጠበም።

ሙሽራዋ በሄደች በአራተኛው ቀን ወንድሟ ከአጋሮ ብቻውን መጣ። ጎረቤት ቤት ጩኸት ተነሳ። ስንወጣ ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ይናገራል። አማቶቿ ተሰብስበው፣ ቡናው ፈልቶ፣ ልትቀዳ ብድግ ስታደርገው የጀበናው ቂጥ እንዳለ ወረደ። የፈላው ቀኝ እጇና ጭኗ ላይ ፈሰሰ። እናቴ ዓይኗን ከልጁ ከንፈር አልነቀለችም። ተናግሮ ሲጨርስ እጄን ይዛ ወደ ቤት አስገባችኝና አስቀመጠችኝ።

«ከሁለት ዓመት ወዲህ የጀበና ድምፅ ሰምቼ አላውቅም» አለችኝ። «ፊትህን ነበር የማየው።»

እጄን ገና አልለቀቀችውም።

«ያን ቀን ሳቅክ እኮ፣ ኢልመ ኮ።» ልጄ ማለቷ ነው። አልተቆጣችም። «ደህና ነበር የጮኸው?»

 ፊቴ ቀድሞኝ መለሰላት። ፊቴን ማንበብ ለምዳ የለ፣ አንድም ነገር አልቀረባት።

በማግስቱ ነጠላዋን ለብሳ ጎረቤት ሄደች። ከኋላዋ ተከተልኳት። «ጆሮዬ ከሞተ ቆይቷል» አለች ለሙሽራዋ እናት። «ሰው እንዳይንቀኝ ደበቅኩት። ልጅሽን ያቃጠልኳት እኔ ነኝ።» ስለ እኔ ፊት አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔም ከጀርባዋ ቆሜ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ሴትየዋ እያለቀሰች «ከአላህ ነው፣ ግቢ» አለቻት፤ ከበሩ ላይ ግን ፈቀቅ አላለችም። ትንሽ ቆመን ተመለስን።

ከዚያ ቀን ወዲህ እኛ በር የመጣች የሙሽራ እናት የለችም። እናቴ አራት ዓመት ኖረች፤ ገበያም አልወጣች፣ ጀበናም በእጇ አልነካች። እኔ ባፈላላት ትጠጣለች። ስቀዳላት ፊቴን አታይም ነበር።

ሙሽራዋ ቁስሏ ሲድን የቀኝ እጇ ጣቶች ተጣብቀው ቀሩ። አማቶቿ በሦስተኛ ቀኗ ጀበና የፈረሰባት ልጅ የእኛንም ቤት ታፈርሳለች አሉ። እናቴ ያለችውን ሲነግሯቸው፣ «አሮጊቷ አዝናላት ነው እንጂ ያን ሁሉ ዓመት ያልሳተች ሴት ዛሬ እንዴት ትስታለች? የልጅቷ ገድ ነው» ብለው ወደ እናቷ ቤት መለሷት። ዕቃዋን በሣጥን ይዛ መጣች። ሙቀጫው፣ መቁያው፣ ስኒዎቹ፣ ሁሉም ደህና ነበሩ።

ዳግመኛ ያገባት አልነበረም። እኔ ወዳለሁበት መጋዘን ለቀማ ገባች። ሴቶቹ ተደርድረው ተቀምጠው ጥቁሩንና የተነቀዘውን ፍሬ እየለቀሙ ቆርቆሮ ውስጥ ይጥላሉ፤ ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል ይውላል። እሷ በግራ እጇ ትለቅማለች። የቀኙን በነጠላዋ ትሸፍነዋለች። ሳቋን ከዚያ በኋላ አልሰማሁትም፣ በግድግዳውም በኩል።

አንድ ቀን ጆንያ አጠገቧ ሳወርድ ቀና ሳትል ተናገረችኝ።

«አብረሃት ነበርክ አይደል?»

«የት?»

«ሰርቦ። ጀበናውን ስትመታው።»

«ነበርኩ።»

«ሰው እናትህ ለእኔ ብላ ነው የዋሸችው ይላል። አንተ ጆሮ አለህ።» እጇ መልቀም አላቆመም። «ድምፁ እንዴት ነበር? ደህና ከነበረ እኔ ነኝ ማለት ነው። እውነትም ገዴ ነው ማለት ነው።»

በዙሪያችን ያሉት ሴቶች ጆሯቸውን ሰጡን። ጠብ ጠብ የሚለውም ቆመ። መጥፎ ነበር ብላት፣ ሰምተህ ዝም አልክ ወይ መባሉ አይቀርም። አቧራው በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ሲንሳፈፍ ትዝ ይለኛል። ያንን እያየሁ «አላስታውስም» አልኳት።

«እሺ» አለች።

ሌላ አልጠየቀችኝም። በዚያ ዓመትም፣ ከዚያ በኋላም። እኔ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ትከሻዬ ደከመ፣ ከመጋዘን ወጣሁ። እሷ እናቷን ቀብራ በዚያው ቤት ብቻዋን ቀረች። በየዒዱ በሯ ላይ ቆሜ ሰላም እላታለሁ፤ ዘንድሮ እነግራታለሁ ብዬ እሄድና ስለ ጤናዋ፣ ስለ ዝናቡ አውርቼ እመለሳለሁ። ሰው እንዲህ እያለ ዕድሜውን ይጨርሳል ብትሉኝ ድሮ አላምንም ነበር።

ባለፈው ክረምት ሞተች። ያጠቧት ሴቶች ቀኝ እጇ አልዘረጋ አላቸው ሲሉ ሰማሁ። ሽማግሌ ነህ ተው እያሉኝ ቃሬዛውን ትንሽ መንገድ ተሸከምኩ። ቀላል ነበረች።

እንግዲህ የልጄ ሚስት ፈገግ ብላ ስታየኝ ይሄ ሁሉ ነው የመጣብኝ። እሷ ምን ታውቃለች፣ አዲስ ዕቃ ስለገዛች ደስ ብሏታል።

«አባባ፣ ዝም አሉ እኮ። አሪፍ ነው አይደል?»

«አመድ አምጪልኝ» አልኳት። «የደረቀ። ውሃም።»

«አመድ ለምን?»

«ድምፁን አልሰማሁትም፣ ልጄ። ጆሮዬ ሄዷል።»

እንዲህ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሄዳ በትሪ አመድ አመጣችልኝ። አመዱን አስተካክዬ፣ ጀበናውን ውሃ ሞልቼ ላዩ አስቀመጥኩት። አዲስ ሸክላ ሁሉ ያልበዋል፤ ደህናው ዙሪያውን እኩል ነው የሚያልበው፣ የተሰነጠቀው ግን በመስመር ያረጥባል። ከዚያ ነገር በኋላ ለራሴ ቤት ስገዛ የማደርገው እንዲህ ነበር። መስማት የማይፈልግ፣ የማንንም ፊት ማየት የማይፈልግ መንገድ ነው። ጊዜ ብቻ ይፈልጋል።

እስከ አሱር ሶላት ድረስ በረንዳው ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ከትሪው ላይ ዞር አለች። በግቢው ማንም አልነበረም።

«የሰርቦው ስንጥቅ ነበረበት» አልኩ። «ሰምቼዋለሁ። ገድሽ አልነበረም።»

ድምፄ ምን ያህል እንደወጣ አላውቅም። የልጄ ሚስት እየሮጠች መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። «ጠሩኝ እንዴ አባባ?»

ጀበናውን አነሳሁት። አመዱ ላይ እርጥብ ክብ ነበር፤ ዙሪያው እኩል፣ መስመር የሌለበት።

«ደህና ነው» አልኳት። «ምንም የለበትም።»

ስለዚህኛው ጀበና ግን ቶሎ ተናገርኩ።