ልጆቹ እጃቸውን ያወጡበት ጠዋት

በ2016 ዓ.ም.፣ በጋው ሊያበቃ ሲል ነው። ዐቢይ ጾም ገብቷል። የአሶሳ ሙቀት ከጠዋቱ ጀምሮ ይከብዳል። ማንጎው ገና አልበሰለም፤ ልጆች ግን በጥሬው፣ በሚጥሚጣና በጨው ይበሉታል።

በዚያ ዓመት ለትንንሽ ልጆች ስፓኒሽ አስተምር ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። «አሶሳ ውስጥ? ለማን?» ይሉኛል።

ያደግሁት መተከል፣ ገነተ ማርያም አጠገብ ነው። እዚያ ከስፔን የመጡ የካቶሊክ ሲስተሮች ክሊኒክና መዋዕለ ሕፃናት ነበራቸው። እናቴ ልብሳቸውን ታጥብ ስለነበር ግቢያቸው ውስጥ ዋልኩ፣ አደግሁ፤ ትልቅ ስሆንም ሕፃናቱን እጠብቅላቸው ጀመር። እርስ በርሳቸው በቋንቋቸው ይጨዋወታሉ፣ ይቆጣሉ፣ አትክልት ሲያጠጡ ይዘፍናሉ። ጆሮዬ ሳላውቀው ሞላ። በሃይማኖቴ ግን አልገቡብኝም። እሑድ በጨለማ ነጠላዬን ለብሼ ወደ ቤተ ክርስቲያኔ ስወጣ የግቢውን በር የምትከፍትልኝ አንዷ ሲስተር ነበረች። እግዚአብሔር ውለታቸውን ይክፈል።

ባለቤቴ ወደ ክልሉ መንግሥት ሥራ ሲዛወር አብሬው አሶሳ መጣሁ። ወዲያው መንጌ ወረዳ መደቡት፤ ቤት የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ሆነ። እኔ ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ በከተማው የማውቀው ሰው አልነበረም። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ መምህርት ነበረች። ምጥ ሲይዘኝ ባጃጅ አስቁማ ሆስፒታል የወሰደችኝ እሷ ናት። የአራስ ገንፎዬን ያገነፋችው እሷ ናት። ልጄ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ ክርስትና እናት የሆነቻትም እሷው ናት። ልጄ እስከ ዛሬ «እቴቴ» ትላታለች። ያደረገችልኝን ሳልናገር ያደረገችብኝን መናገር ስለማልፈልግ ይህን አስቀደምኩ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይህች ጎረቤቴና ጓደኛዬ ትንሽ ትምህርት ቤት ከፈተች፤ እኔንም ልጆች እንድይዝ ቀጠረችኝ፤ ልጄም እዚያው ገባች። ዱላ የለበትም። ደረጃም የለበትም። ወላጅ መጥቶ «ልጄ ስንተኛ ወጣ?» ሲላት፣ «አልወጣም፤ ገና እየገባ ነው» ብላ ትመልሰዋለች። ልጆቹ መምህራንን አንቺ፣ አንተ ይላሉ። ብዙ ሰው በዚህ ተቆጥቶ ነበር፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ደንግጫለሁ።

ጠዋት ጠዋት ማንጎው ሥር ሰሌን ዘርግተን፣ መምህርም ልጅም እኩል ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። አንዲት የቀርከሃ ቁራጭ አለች። እሷን የያዘ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። ቀርከሃዋ ዙሩን ሳትጨርስ ክቡ አይበተንም። የደረሰችው ሰው አንድ ነገር ሳይናገር ማሳለፍ አይችልም፤ ቢያንስ «የምለው የለኝም» ማለት አለበት። በክቡ እጅ ተወጥቶ የተወሰነ ነገር ይጸናል። አንድ ጊዜ ልጆቹ ያረፈደ ልጅ ውጭ መቆም የለበትም ብለው ወሰኑ፤ ከዚያ ወዲህ በሩ በልጅ ላይ ተቆልፎ አያውቅም። ጓደኛዬ የክቡን ቃል ታከብር ነበር። ለዚህም አከብራት ነበር።

ስፓኒሹ የመጣው ከዚያው ክብ ነው። አንድ ጠዋት አንዲት የበርታ ልጅ ቀርከሃዋን ይዛ «እናቴ ገበያ ሄደ» አለች። አማርኛ መጀመሪያ የሰማችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው።

«ሄደ! እናትሽ ጢም አለው እንዴ?» አላት አንዱ። ክቡ በሳቅ ተሞላ።

ልጅቷ ከዚያ ቀን በኋላ ቀርከሃዋ ስትደርሳት «የምለው የለኝም» ብቻ ትል ጀመር። ሌላ ቃል ጠፋ። ጓደኛዬ ነገሩ እንቅልፍ ነሳት። ቢሮዋ ጠራችኝ።

«እህት ዓለም፣ ማንም ልጅ ቤቱ የማይሰማው ቋንቋ እፈልጋለሁ። ሁሉም እኩል የሚሳሳትበት።»

«እንግሊዝኛ አለ አይደል?»

«እሱንማ ዲሽ ያላቸው ቀድመው በልተውታል» አለችና ሳቀች። «ያንቺን የሲስተሮቹን አምጪው።»

መጽሐፍ አልነበረኝም። ሲስተሮቹ እንዳደረጉት አደረግሁ፤ ዘፈን፣ ውኃ ማጠጣት፣ ሩጫ፣ ጠጠር መልቀም። ልጆቹ «ማኤስትራ» ይሉኝ ጀመር፤ መምህርት ማለት ነው። ልጄም ግቢ ውስጥ ማኤስትራ ትለኛለች፤ በሩን ስንወጣ እጄን ይዛ «እማ» ትለኛለች። በኋላ ስሙ ገበያ ሳይቀር ተከተለኝ። «ማኤስትራ፣ ሽንኩርት አይወስዱም ዛሬ?» ትለኛለች ባለ ሽንኩርቷ።

አንድ ቀን ከዛፉ የወደቀ ማንጎ አነሣሁና በስፓኒሽም ማንጎ እንደሚባል ነገርኳቸው።

«ውሸት!» አሉ።

«ጠፍቶሽ ነው! ማኤስትራ፣ እመኚ!»

«ሲስተሮቹ ጋ ደውዪና ጠይቂ!»

የበርታዋ ልጅ ከኋላ ተነሣች። ማንጎውን ከእጄ ወሰደችና ከራሷ በላይ ከፍ አደረገችው። «ማንጎ! እኔ ስፓኒሽ ያውቃል!» ብላ ጮኸች። ማንም አልሳቀባት። በማግስቱ ክቡ ላይ ቀርከሃዋ ስትደርሳት «ብዌኖስ ዲያስ» አለች፤ እንደምን አደራችሁ ማለት ነው። ቀጥላም በአማርኛ፣ በራሷ አማርኛ፣ ስለ ፍየላቸው አወራችን። እኔ አቀርቅሬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

በጾሙ ውኃ ሳልቀምስ ስለምውል አንዳንዴ የማንጎውን ግንድ ተደግፌ ነበር የማዘፍናቸው። ልጆቹ ይህን ያያሉ። ያዩታል ብዬ ግን አላሰብኩም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ ወደ ክፍሌ መጣች። «የመጨረሻውን ሰዓት እኔ እይዝልሻለሁ፤ ሂጂ ቅዳሴ ድረሺ» አለችኝ። በሩ ላይ ስደርስ ደግሞ «ለእኔም ጸልዪልኝ» ብላ ተጣራች። ደስ አለኝ። ሄድኩ። የክርስትና ስሟን ጠርቼ ጸለይኩላት።

በማግስቱ ጠዋት ክቡ እንደ ልማዱ ተሠራ። ጓደኛዬ ቀርከሃዋን ያዘች።

«ልጆች፣ የምንወስነው ነገር አለ። ከዛሬ ጀምሮ በስፓኒሹ ሰዓት እንግሊዝኛ እንማር የምትሉ እጃችሁን አውጡ።»

ጥያቄው አስደነገጠኝ እንጂ መልሱ አላሳሰበኝም። እነዚህ ልጆች ሰዓቴ ሲያልቅ ቀሚሴን ይዘው የማይለቁኝ ናቸው።

መጀመሪያ የወጣው የልጄ እጅ ነበር። ቀጥ ብሎ፣ እስከ ጣቷ ጫፍ ተዘርግቶ። ከዚያ የሌሎቹ ተከታትሎ ወጣ። እያዩኝ ነበር የሚያወጡት። ፈገግ ይላሉ። ያ ፈገግታ ነው አንጀቴን የቆረጠው። የበርታዋ ልጅ ከሁሉም መጨረሻ፣ መሬት መሬቱን እያየች፣ እጇን እስከ ትከሻዋ ብቻ አነሣች።

«ክቡ ወስኗል» አለች ጓደኛዬ። ቀርከሃዋ ወደ ቀኝ መዞር ነበረባት፤ እኔ ሦስተኛ ነኝ። አላሳለፈቻትም። ጭኗ ላይ አስቀመጠቻትና «በሉ ወደ ክፍል» አለች። ክቡ ዙር ሳይጨርስ ሲበተን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቢሮዋ ተከትያት ገባሁ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም! ልጆች ናቸው፣ ይሰለቻቸዋል። ወላጆቹም እንግሊዝኛ አንሷል እያሉ ይነተርኩኛል፤ አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን ሊያስወጡ ነው።»

«ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«እኔ ምን አልኩ? ክቡ ነው የወሰነው።» የጠረጴዛዋን ጠርዝ በጣቷ ትጠርጋለች። «ደግሞ ከሥራሽ የሚነካሽ የለም። ትንንሾቹን ትይዣለሽ።»

ስለ ሥራዬ አልነበረም የጠየቅኳት። ወጥቼ ወደ ትንንሾቹ ክፍል ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያን መጥታ አጠገቤ ቆመች። አብረን ሰገድን። ምን ሆኜ ልጆቹን እንዳሰለቸሁ አምላኬን ስጠይቅ ቆየሁ። አምኛት ነበር። ልጆች አይዋሹም፤ እጃቸውን ያወጡት እነሱ ናቸው። የልጄ እጅ ግን ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ልጠይቃትም ፈራሁ።

ቤት ገብተን ራት ቀረበ። ለእጅ መታጠቢያ ውኃ ላመጣ ስነሣ ልጄ ቀደመችኝ። ጆጉን በሁለት እጇ ይዛ መጣች።

«አንቺ ተቀመጪ። አሁን ታርፊያለሽ አይደል?»

«ከምን?»

«ከስፓኒሽ።» ውኃውን እያፈሰሰችልኝ ነው። ግማሹ ወለሉ ላይ ይፈሳል። «እቴቴ ነገረችን። ትናንት፣ አንቺ ቅዳሴ ስትሄጂ። ማኤስትራ በጾም ደክሟታል፣ ይብቃኝ ማለት ግን ታፍራለች አለችን። የምትወዷት ከሆነ ነገ እጃችሁን አውጡላት አለችን።»

እርጥብ እጄን በነጠላዬ ጠረግሁ።

«ሁሉም ይወዱሻል፣ አየሽ? ያቺ በርታዋ ብቻ፣ እኔ ስፓኒሽ ነው የምፈልገው ብላ አለቀሰች። እኛ ግን ራስ ወዳድ አትሁኚ አልናት።» ጆጉን አስቀመጠች። «ምስጢር ነው ተብለን ነበር። አሁን ግን አለቀ አይደል? ምስጢሩ አለቀ።»

«አለቀ» አልኳት።

«ቀድሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አይተሽኛል?»

«አይቼሻለሁ።»

አቀፍኳትና ራት በላን። የበላሁት ምን እንደሆነ አላስታውስም።

ያን ምሽት የተናደድኩት ስለ ስፓኒሹ አይደለም። ጓደኛዬ መጥታ «ወላጆቹ አስጨነቁኝ፣ ሰዓትሽን ልውሰደው» ብትለኝ እሺ እላት ነበር። ምን ያልሰጠችኝ ነገር አለ? እሷ ግን እኔን ፊት ለፊት ማየት ፈራች፤ ስለዚህ ልጆቹን ከፊቷ አቆመች። ጸልዪልኝ ብላ ከግቢው አስወጣችኝ፤ እኔ ስጸልይላት እሷ የልጆቹን ፍቅር ሰብስባ በእኔ ላይ እጅ አስወጣችበት። ከዚያም ልጆቹ ሰለቻቸው ብላ ዋሸችኝ።

ይህንንም ልውጠው እችል ነበር። ያልቻልኩት ልጄን ነው። እናቷን በስውር መጣል ለእናቷ ማዘን እንደሆነ ተምራ ተኛች። እናም ደስ ብሏት ነው የተኛችው። ዝም ካልኩ ትምህርቱ ይጸናል፤ ያስተማረቻት ደግሞ ክርስትና እናቷ ናት።

ጠዋት እንደ ወትሮው ጸለይኩ። ለጓደኛዬም፣ ስሟን ስጠራ አፌ ቢከብደኝም፣ ጸለይኩ። ልጄን ሹሩባ እየሠራኋት ጠየቅኳት።

«የነገርሽኝን ምስጢር ዛሬ ክቡ ላይ ልናገረው?»

ጭንቅላቷን ልታዞር ስትል ጸጉሯን ይዤ መለስኳት። «እቴቴ ትቆጣኛለች?»

«አንቺን አትቆጣም። እውነቱን ነው የነገርሽኝ።»

«እሺ። ግን ዕረፍቱን ወደድሽው?»

«እዚያ እነግርሻለሁ።»

ትምህርት ቤት ደርሰን ሰሌኑ ላይ ተቀመጥን። ጓደኛዬ ሰላም አለችኝ፤ እንደ ሁልጊዜው ተሳሳምን። ጉንጯ ቀዝቃዛ ነበር። ቀርከሃዋ ዙሩን ጀመረች። የበርታዋ ልጅ ጋ ስትደርስ «ማኤስትራ፣ ታመመ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ማንም አላረማትም። ከዚያ ለእኔ አቀበለችኝ።

«አልታመምኩም» አልኳት። ወደ ልጆቹ ሁሉ ዞርኩ። «ትናንት ስለወደዳችሁኝ እጃችሁን እንዳወጣችሁ ሰምቻለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማናችሁም አላጠፋችሁም። ክቡ የወሰነውንም እቀበላለሁ። ግን አልደከመኝም ነበር። ደክሞኛል ብዬም ለማንም አልተናገርኩም።»

የልጄ እጅ ቀሚሴን ጨምድዶ ያዘ። ልጆቹ አንድ በአንድ ከእኔ ወደ ጓደኛዬ ዞሩ።

ከእኔ ቀጥሎ ያለውን ልጅ አልፌ፣ በሰሌኑ መካከል ተንጠራርቼ፣ ሳይናገሩ የማያሳልፏትን ቀርከሃ ለጓደኛዬ ሰጠኋት።