ጠበል ያስረጨኝ ቀይ ዘይት

ዘመኑ 2001 ዓ.ም. ነው፤ ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከፈትል ፋብሪካ ጡረታ ወጥቼ አቃቂ ግቢዬ ውስጥ ሁለት ላሞች ይዤ ነበር። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያቺን ቀን ግን አልረሳትም። በሽምግልናዬ እንደዚያ ቀን ልቤ በደስታ ዘሎ አያውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጽሑፌ ቢወላገድ ታገሡኝ።

የላሞቼን መኖ የማመጣው ቃሊቲ ካለ የቲማቲም ድልህ ፋብሪካ ነው። ቲማቲሙ ተጨምቆ የሚቀረውን ልጣጭና ፍሬ ይጥሉታል፤ እኔ በአህያ ጋሪ አነሣላቸዋለሁ። እነሱም ይገላገላሉ፣ ላሞቼም ይጠግባሉ።

አንድ ቀን ሰናይት የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቤቴ መጣች። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ያንን ልጣጭ ነው የምታጠናው። የፋብሪካው ዘበኛ "ሁሉንም የሚወስዱት ጋሼ ተሰማ ናቸው" ብሎ ልኳት ነው።

"አባባ፣ አንድ ጆንያ ብቻ ይስጡኝ። ልጣጩ ውስጥ ለሰው ጤና የሚጠቅም ቀይ ነገር አለ፤ እሱን ማውጣት ነው የምፈልገው" አለችኝ።

"እንዲያ ከሆነማ ላሞቼ መቶ ዓመት ሊኖሩ ነው" ብዬ መለስኳት።

በማግስቱም መጣች፤ አሁንም እምቢ። ሰው ሲለምነኝ ይብስብኛል፤ አመሌ ነው። ባለቤቴ እታገኝ ግን "ቆሻሻ የሚሰስት ሰው እንዳንተ አላየሁም!" ብላ ራሷ አንድ ጆንያ ሞልታ ሰጠቻት። ሁለት ቀን ተኳረፍን።

ከወር በኋላ ሰናይት ፊቷ ገርጥቶ ተመለሰች። ቀዩን ከልጣጩ ያወጣል የተባለው ኬሚካል ከውጭ ታዝዞ ጉምሩክ ላይ ቀርቷል። በሦስት ቀን ውስጥ ቀዩን አውጥታ ለመምህሯ ካላሳየች ጥናቷ ይሰረዛል፤ የዓመት ልፋቷ ገደል ገባ ማለት ነው። የመጣችው ልትሰናበተን ነው።

"በውኃ አይለቅም?" አልኳት።

"አይለቅም አባባ። ቀቀልኩት፣ ዘፈዘፍኩት፣ እምቢ አለ።"

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከእታገኝ በቀር ለማንም አልተናገርኩትም፤ አፍሬ ነው።

ጥቅምት ላይ ልጣጩን ከፋጉሎና ከውኃ ጋር ቀላቅዬ ገንዳ ውስጥ ፀሐይ ላይ ትቼው ነበር። ፋጉሎ ኑግ ሲጨመቅ የሚቀረው ነው፤ የሰፈራችን መጭመቂያ ደግሞ ዘይቱን አሟጦ አያወጣለትም። ከሰዓት ስመለስ ገንዳው ላይ ቀይ ነገር ተንሳፍፏል። ከገንዳው ስትበላ የነበረችው ላሜ ደም መሰለኝ። ዓይን በልቷታል ብዬ ሰባት ቀን ሙሉ ጠበል ረጨኋት፣ አጠጣኋት፤ ወተቷን ደፋሁ። ላሚቱ ግን ምንም አልሆነችም፤ እንዲያውም ወፈረች።

እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ይህንኑ ነገርኳት። ሰናይት ከበርጩማዋ ብድግ አለች።

"ምን አሉኝ? እስቲ ይድገሙልኝ!"

ደገምኩላት።

"ዘይቱ ነው አባባ! ቀዩን የሳበው የፋጉሎው ዘይት ነው! አንብቤው ነበር እኮ፤ ኬሚካል ኬሚካል ስል ረሳሁት!"

እታገኝ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "በል እንግዲህ፣ ሰባት ቀን ቲማቲም ስታጠምቅ ነው የከረምከው!"

ወዲያው ሥራ ጀመርን። ፍሬው እንዲለይ ሁሉንም ውኃ ባለበት በርሜል ውስጥ ጨመርኩት፤ ፍሬው ዘቀጠ፣ ልጣጩ ተንሳፈፈ። ልጣጩን ቆርቆሮ ላይ አሰጣነው። የበጋ ፀሐይ ነው፤ ቶሎ ደረቀ። እታገኝ በሙቀጫ ወቀጠችው። ሰናይት ዱቄቱን ጠርሙስ ውስጥ ከትታ የኑግ ዘይት ጨመረችበትና ጠርሙሱን ትኩስ ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ አቆመችው።

ሦስታችንም ድስቱን ከበን አጎነበስን። እኔ ጠርሙሱን መነቅነቅ አማረኝ።

"እጅህን ሰብስብ፣ ታበላሸዋለህ!" አለች እታገኝ።

መጀመሪያ ምንም የለም። ሰናይት ከንፈሯን ነክሳለች። ቆይቶ ዘይቱ ብርቱካን መሰለ። ከዚያ ቀላ። እኔ ነኝ የምላችሁ፣ ቀላ! ሰናይት በነጭ ጨርቅ አጥልላ ወደ ፀሐይ ስታነሣው ዓይን ይወጋል። እልል አለች። እኔ ሽማግሌው ዘለልኩ። ጎረቤቴ ልጅ የተወለደ መስሏት በአጥር ብቅ ብላ "እንኳን ማርያም ማረቻት!" አለች።

ሰናይት ግን ልትሄድ ስትነሣ ፊቷ እንደገና ጠቆረ። "መምህሬ ጠርሙስ ብቻ አይቶ አያምነኝም። ነገ እሱ እያየ ደግሜ ማውጣት አለብኝ" ብላ መሸከም የቻለችውን ያህል ልጣጭ ይዛ ሄደች። ቢያንሳትስ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ሰናይት በዚያ ጥናት ተመርቃለች፤ ዛሬ ራሷ አስተማሪ ናት። እኔም ሰው የጣለውን ነገር ቆሻሻ ለማለት እስከ ዛሬ ምላሴ ይያዛል። ላሜን ጠበል በመርጨቴ ሰው ቢስቅብኝ ግድ የለኝም፤ ደስ ይለኛል እንጂ።

እንቅልፍ ባጣሁበት ሌሊት ማግስት ጠዋት ያደረግኩት ግን ይህ ነው። የቀረውን ደረቅ ልጣጭ በሁለት ጆንያ ጠቅጥቄ፣ ኮቴን ለብሼ ሚኒባስ ያዝኩ።

"ፋዘር፣ ይሄ ነገር ይሸታል እኮ!" አለኝ ረዳቱ።

"ካንተ ካልሲ አይብስም፤ ጫን!" አልኩት።

ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጥበቃው አስቆመኝ። ጆንያዎቹን በዱላው ነካ ነካ እያደረገ "አባት፣ ምን ይዘው ነው?" አለኝ።

"ጥናት ነው" አልኩት። "ክፈት፣ እየጠበቁኝ ነው።"