ብረት አለብህ ወይ ሲባል

ባለቤቴ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ በግራ እግሩ ጫማ አልነበረም። ከአውቶቡስ ወርዶ የሰፈራችንን የኔቬ ዮሴፍን ዳገት በካልሲ ወጥቶታል። «ጫማህስ?» ስለው ጎንበስ ብሎ እግሩን አየና እንደ እኔው ደነገጠ። ካልሲው ተቀዶ ተረከዙ ይደማ ነበር። አልተሰማውም።

ያኔ ሃይፋ ከገባን ጥቂት ዓመት ሆኖን ነበር። እሱ ወደብ ላይ ጭነት ያወርድ ነበር፤ እኔ ከሃይፋ አጠገብ ክርያት ሞጽኪን ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ አጸዳ ነበር። ዕብራይስጡን የተማርሁት ከእነዚያ አዛውንቶች ነው፤ ቀስ ብለው ስለሚናገሩ ከቋንቋ ትምህርት ቤቱ ይልቅ እነሱ ጠቀሙኝ። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ስንሄድ አስተርጓሚው እኔ ነበርሁ።

የሰፈራችን ሐኪም እግሩን በመርፌ ቢወጋው ዝም አለ። «ጭነቱ ነው፤ ወገቤን ጎድቶኝ ነው» አለ ባለቤቴ። እንዳለው ተረጎምሁ። ሐኪሙ ግን ራሱን ነቀነቀና፣ የጀርባን ውስጥ የሚያሳይ አዲስ መሣሪያ አለ፣ ወደዚያ እልካችኋለሁ አለ። ኤም አር አይ የሚሉትን ያኔ አገሩም ገና መልመዱ ነበር። ተራችን እስኪደርስ ወራት ጠበቅን። በዚያ መሐል ባለቤቴ ደረጃ ሲወጣ ሱሪውን በእጁ ይዞ እግሩን ማንሳት ጀመረ።

በቀጠሮው ቀን ሌላ ከተማ ያለ ሆስፒታል ሄደን የተቀበለችን ጸጉሯ የሸበተ ነርስ ነበረች። ሰዓቱንና ቀበቶውን አስወለቀችው። ከዚያ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ትጠይቀው ጀመር። ልብህ ላይ የተተከለ መሣሪያ አለ? የለም። በቀዶ ጥገና የገባ ብረት? የለም። ዓይንህ ውስጥ የብረት ብናኝ ገብቶ ያውቃል? የለም።

«ጥይትስ? ፍንጣሪ?»

እዚህ አገር ጦር ሜዳ ያልዋለ ወንድ ጥቂት ስለሆነ ጥያቄው እንግዳ አይደለም። ስተረጉምለት መሬት መሬቱን አየ።

«የለም በያት።»

ነርሷ እንደገና ጠየቀችው፤ እንደገና የለም አለ። ተነሥታ እስከ መሣሪያው ክፍል በር ወሰደችንና ከኪሷ በክር የታሰረ የወረቀት መያዣ ሽቦ አወጣች። ክሩን ብትይዘው ሽቦው ወደ ታች አልተንጠለጠለም። ወደ ክፍሉ ተስቦ አየር ላይ ተገትሮ ቀረ።

«ውስጥ ያለው ትልቅ ማግኔት ነው» አለች። «ሥጋ ውስጥ ያለ ብረት ካገኘ ያንቀሳቅሰዋል። ከአከርካሪ አጠገብ ከሆነ ሰውየው ዳግመኛ ላይቆም ይችላል። ሰው ይረሳል፣ ያፍራል፤ ደጋግሜ የምጠይቀው ለዚህ ነው።»

ነገርሁት። ሽቦውን ትክ ብሎ ሲያይ ቆየ።

«ይስባል ካለች፣ ስቦ ያወጣዋል?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ጠይቂያት ብቻ።»

ጠየቅኋት። «አያወጣውም፤ ውስጥ ውስጡን ይቆርጠዋል» አለች።

ይህን ስነግረው ግድግዳው ሥር ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። «እንግዲያው አለ በያት። ጥይት ነው። ጀርባዬ ላይ።»

ጠባሳውን አውቀዋለሁ። ወደ ሱዳን ስንሄድ ገደል አንሸራቶኝ ድንጋይ ላይ ወደቅሁ ብሎኝ ነበር። እኔ ነፍሰ ጡር ስለነበርሁ ከእናቴ ጋር ቀድሜ ሄድሁ። እሱ የአራት ዓመት ልጃችንን አዝሎ ከኋላ ከሚመጡት ጋር ነበር። ሱዳን፣ የስደተኞች ካምፕ ሲደርስ ብቻውን ነው የመጣው። ትኩሳት ገደላት አለኝ። እዚያ ስንቱ ልጅ በትኩሳት ሲያልቅ እያየሁ ለምን እጠራጠራለሁ?

«መቼ ነው የተመታኸው?» አልሁት።

«ሽፍቶች ሲተኩሱብን።»

«ልጅቱስ ያን ጊዜ የት ነበረች?»

«ጀርባዬ ላይ ነዋ» አለ። «እሷን በስቶ አልፎ ነው እኔን ያገኘኝ።»

«ምን አለ?» አለችኝ ነርሷ። «ጥይት አለ» አልኋት። «ጀርባው ላይ። በሱዳን መንገድ የተመታው።» ሌላውን አልተረጎምሁም።

«ቤሰደር» አለች። እሺ፣ መልካም ማለቷ ነው። «ጥሩ አደረጋችሁ ነገራችሁኝ።»

ዛሬ የአገራችን ሰዎች ለዚህ ምርመራ ሲላኩ ወደ እኔ ይመጣሉ። እንደ ጉድጓድ የጠበበ ነው አሉ፣ እንደ መዶሻ ይጮሃል አሉ እያሉ ይፈራሉ። ጩኸቱ ያልፋል እላቸዋለሁ፤ ጆሮ መድፈኛ ይሰጧችኋል፣ ዝም ብላችሁ ተኙ፣ ከጨነቃችሁ የምትጫኑት ደወል እጃችሁ ላይ አለ። የጆሮ ጌጥ፣ የጸጉር መርፌ አውልቁ። ሰውነታችሁ ውስጥ ያለውን ግን አትደብቁ። ደግሞ ልጃችሁን ወይ የትዳር ጓደኛችሁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትሂዱ። ባዳ ፊት የሚወጣ ቃል የራስ ሰው ፊት ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

ባለቤቴን መሣሪያው ውስጥ አላስገቡትም። በራጅ ሲያዩት ጥይቱ አከርካሪው ሥር ተቀምጧል። ላውጣው ብል ደህናውንም እግር አሳጣዋለሁ አለ የቀዶ ጥገናው ሐኪም። ተዉት።

ጥይቱን የነገረኝ ዕለት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ወደ ሃይፋ ስንቃረብ «ለምን ዋሸኸኝ?» አልሁት።

«ሌላዋን በሆድሽ ይዘሽ ነበር። ብነግርሽ ደንግጠሽ ሁለቱንም ታጫለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«ከወለድሁ በኋላስ?»

«ከዚያማ ቆየ። የቆየ ነገር ከየት ይጀመራል?»

«የት ቀበርሃት?»

«ከወንዙ ማዶ፣ ሾላ ሥር። መቆፈሪያ አልነበረኝም፤ በእጄ ነው የጫርሁት። አብረውኝ የነበሩት ጎትተው ስለ ወሰዱኝ በደንብ አፈር አላለበስኋትም።»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ። ተቆጥቼ ነው ወይስ አዝኜለት፣ ዛሬም አለየልኝም።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት «ልጄ፣ ለአንድ ሰው ሁለቴ አይለቀስም» አለችኝ። እኔ ግን አለቀስሁ። በመጀመሪያው ለቅሶዬ ሰው ሁሉ ከቦኝ ነበር፤ በሁለተኛው ጎረቤት እንኳ አልሰማም።

ባለቤቴ ክረምቱን በክራንች አሳለፈ፤ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ሆነ። ሥራው ቀረ። ካምፕ የተወለደችው ልጃችን ትንሽ ከፍ ስትል እህት እንደነበረቻት፣ እንዴትም እንደሞተች የነገራት እሱ ራሱ ነው። እኔ እዚያው ልብስ አጥፍ ነበር። አንዳንዱን ነገር እኔም የሰማሁት ያን ዕለት ነው፤ እስኪጨርስ አላቋረጥሁትም።