ወደ አንኮበር፣ ለሩፋኤል ዝናብ

ጳጉሜ 3፣ ዓርብ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ አዲስ አበባ

ሚኒባሱ ሞልቶ ተነሳን። የምሄደው አባቴን ከቤት አውጥቼ ዝናብ ላስመታው ነው። ከመሳቃችሁ በፊት ላስረዳ፦ በሩፋኤል ቀን የሚጥል ዝናብ ጸበል ነው። ልጆች ሳለን አባቴ ግቢ ውስጥ አሰልፎ በዝናቡ ያጥበን ነበር። ካደግሁ በኋላ ግን ማመን ተውኩ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ይህንኑ ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ስደውል "ቆይ፣ እናትህን ላገናኝህ" ከማለት በቀር ቃል አይተነፍስም።

ዘንድሮ ጉልበቱን አሞት ያለ ደጋፊ አይራመድም። እናቴ "ናና ደግፈው፤ ምናልባት ያናግርህ ይሆናል" አለችኝ።

2 ሰዓት ተኩል፣ ጫጫ

ዝናብ ጀመረ። ሾፌሩ ማንም ሳይጠይቀው ጥግ ይዞ አቆመ።

"ቶሎ ውረዱ፣ ሳያባራ።"

ተሳፋሪው ተግተልትሎ ወረደ። ኮፍያ ወለቀ፣ ሻሽ ተፈታ፣ ሕፃናት ከአንቀልባ ወጡ። መኪናው ውስጥ እኔና አንድ ጆንያ ድንች ቀረን። አንዲት እናት መስኮቱን አንኳኩ።

"ምነው አትወርድም፣ ልጄ?"

"ጉንፋን ይዞኛል፣ እማማ።"

"ታዲያ እሱን ማን ሊያወጣልህ ነው?"

ሁሉም በስብሰው ገብተው አጠገቤ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ደብረ ብርሃን ስንደርስ የእኔም ሸሚዝ ርሶ ነበር፤ ጸበሉን ከጎረቤት ተካፈልኩ።

3 ሰዓት፣ ደብረ ብርሃን

ብርድ፣ ጋቢ የደረቡ ነጋዴዎች፣ ለበዓል የሚነዱ በጎች። የአንዱን በግ ዋጋ ጠይቄ መንገዴን ቀጠልኩ። ቁርስ ቤት አስተናጋጇ "የጾም ነው የፍስክ?" ስትለኝ አፌ ቀድሞኝ "የጾም" አለ። ክህደቴ ሆዴ ዘንድ ገና አልደረሰም።

6 ሰዓት፣ አንኮበር

ገደሉን ጉም ሸፍኖታል። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። አየኝና ወደ ጓዳ ዞሮ "እንግዳ መጥቷል" አለ፣ ለእናቴ።

9 ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ። አባቴ ምሰሶውን ይዞ ለመነሳት ሞከረ፤ ጉልበቱ እምቢ አለው። ደግሞ ሞከረ። እናቴ ሰማዩን አየች፣ እኔን አየች። ሄጄ ክንዱን ያዝኩት።

"አንተ አታምንበትም" አለ።

"አላምንም፣ አባዬ። ይዤህ ግን እቆማለሁ።"

ወደ እግሬ አየና "ጫማህን አውልቅ" አለኝ።

በባዶ እግራችን ጭቃው መሃል ቆምን። በአንድ እጁ ትከሻዬን ተደግፎ፣ በሌላው ራሴን ያሸኝ ጀመር፤ ግንባሬን፣ ማጅራቴን፣ ከጆሮዬ ኋላ።

"ጆሮህን ዛሬም አትታጠብም" አለ።

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። አባቴ ሲቆጣ እንጂ ሲዳብሰን የማናውቀው ሰው ነበር፤ ራሳችንን የሚነካው በዓመት አንድ ቀን፣ በዚህ ዝናብ ብቻ ነው። ልጅ ሳለሁ ቀኑን የምናፍቀው ለምን እንደነበር አሁን ገባኝ። ደስ አለኝ፣ አፈርኩም።

ዝናቡ ሲያባራ ሽቅብ እያየ "ከዓመት ዓመት ያድርሰን" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ጠበቀ።

ሰማንያ ሊሞላው ነው። "አሜን" አልኩ፣ ከልቤ።