ላስቲክ የማይነካው ሚስባህ

ሚስባህ ሰውን የሚመዝነው በሚጽፍበት ኪቦርድ ነበር። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የጭነት ትራንስፖርት ድርጅት ጸሐፊ ነው። ከሥራ አስኪያጁ እስከ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ድረስ ሁሉም የሚጽፈው ቁልፉ ሥር ላስቲክ በተነጠፈበት ርካሽ ኪቦርድ ስለሆነ፣ መሥሪያ ቤቱን በጅምላ ይንቀው ነበር። “ላስቲክ” የምትለዋን ቃል እንደ ስድብ ነው የሚተፋት። ከሁሉ አብልጦ የሚንቀው አጠገቡ የሚቀመጠውን ኪዳኑን ነው፤ ኪዳኑ በሁለት ጣቱ፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም ነው የሚጽፈው። ሚስባህ ግን አሥሩንም ጣቱን ያዘንበዋል። ፈጣን ነው፣ ይህን የሚክድ የለም፤ መከራው ሳይጠየቅ ራሱ የሚናገረው መሆኑ ነው።

የእሱ ኪቦርድ ሜካኒካል ነው፤ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስዊችና የራሱ ስፕሪንግ አለው። ከዱባይ ዕቃ በሚያስመጣ ዘመዱ በኩል ነው ያገኘው። ለመምረጥ ብቻ ረመዳን ገብቶ ወጣ። ሰማያዊው ስዊች ይንጫጫል፤ “ሰኞ ገበያ ነው” ብሎ ናቀው። ቀዩ ለስላሳ ነው፤ “ጣት መንካቱን አያውቅም” ብሎ ናቀው። በመጨረሻ ቡናማውን መረጠ፣ እንደመጣለት ደግሞ እሱንም ንቆ ፈታታው። አማርኛ አብዛኛውን ፊደል ሁለት ቁልፍ ያስመታል ብሎ የአናባቢዎቹን ስፕሪንግ ቀለል ባለ ቀየረ። ድምፁ እንዲሰክን ከአሮጌ ጫማ ስፖንጅ ቆርጦ ከሥሩ ነጠፈ።

ሚስቱ ጀሊላ ይህን ሁሉ በሩቁ ትሰማለች። ነርስ ናት፤ የምትሠራውም የምትኖረውም ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ነው፣ ከሁለት ዓመት ልጃቸው ከዊዳድ ጋር። ሚስባህ የሚመጣው ቅዳሜ ማታ ነው፤ እሑድ ሚኒባስ ይዞ ቁልቁል ይመለሳል። ዊዳድ አባቷን ስታይ እናቷ ቀሚስ ሥር ትደበቃለች። ስለዚህ ደሴ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ፈጣን ጸሐፊ በፈተና እንደሚቀጥር ሲሰማ፣ ጀሊላ እጇን ዘርግታ ዱዓ አደረገች። “ደሴ ከገባህ ማታ ማታ ቤትህ ትገባለህ፤ ልጅህም ትለምድሃለች” አለችው።

“አብሽሪ፣ ወላሂ የሚቀድመኝ የለም” አላት። እውነቱን ነበር።

በፈተናው ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የቀረው ስዊቾቹን መቀባት ብቻ ነበር። ለዚህ የተሠራውን ቅባት ፈልጎ አጣ። የመኪና ግሪስ የጋራዥ ነው ብሎ ናቀ። የስፌት መኪና ዘይት ልብስ ሰፊ ልብስ ሰፊ ይሸታል ብሎ ናቀ። ዓይኑ ያረፈው ጀሊላ አንዴ ልትጠይቀው መጥታ ረስታው በሄደችው የፀጉር የኮኮናት ዘይት ላይ ነው። በኮምቦልቻ የሰኔ ሙቀት ጠርሙሱ ውስጥ ውሃ መስሎ ይንጣለላል። እያንዳንዱን ስዊች አጠጣው። ሲሞክረው ጣቱ ተንሸራተተ፤ ሚስባህም ለብቻው ሳቀ። ያ ዘይት ኮምቦልቻ ላይ ውሃ፣ ደሴ ላይ ሻማ መሆኑን ፀጉሯን የምትቀባ ሴት ሁሉ ታውቃለች። ይህ ብልጥ ግን ሴት ጠይቆ አያውቅም።

በማግስቱ ማለዳ ኪቦርዱን በፎጣ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አድርጎ ሚኒባስ ተሳፈረ። ኪዳኑም እዚያው ተቀምጧል።

“አንተም ልትፈተን?”

“እግዜር ካለ” አለ ኪዳኑ።

ሚስባህ እስከ ሐረጎ አቀበት ድረስ ፈገግ እንዳለ ነበር። ደሴ ሲደርሱ ከተማዋን ጉም ውጧታል፣ የመፈተኛው ክፍልም እንደ ውጩ ይበርዳል።

ሚስባህ አስፈቅዶ የራሱን ኪቦርድ ሰካ፤ ፈተናው ተጀመረ። የመጀመሪያው ቁልፍ ገባና ቀረ። ሚስባህ በጥፍሩ ጎልጉሎ ሲያወጣው ሌላው ገባ። “ም” እንደተቀበረች ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ሞላችው። ፈታኟ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ሁኔታውን አይተው ከቢሮው ኪቦርዶች አንዱን አምጥተው አጠገቡ አስቀመጡለት። ፊደሎቹ በጣት ብዛት የጠፉ፣ የለየለት ላስቲክ ነው።

“በዚህ ቀጥል ወንድሜ፤ ሰዓቱ ገና ነው።”

ሚስባህ አየው። በዚያ ላስቲክ እንኳ ሁሉንም ቀድሞ እንደሚጨርስ ያውቃል። እንዲያ ከሆነማ የኪቦርዱ ልፋት ሁሉ ለከንቱ ነበር፤ ይህን ነው ለላስቲኩ ይቅር ማለት ያቃተው። ማዶ ኪዳኑ ጥሬውን ይለቅማል።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ በላስቲክ አልጽፍም” አለ።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ የቀለደ መስሏቸው ሳቁ። ኪቦርዱን በፎጣው ጠቅልሎ ሲነሳ ግን ሳቃቸውን አቆሙ።

አመሻሽ ላይ ቦሩ ሜዳ ሲደርስ ጀሊላ የማታ ተረኛ ስለነበረች ለመውጣት ስትዘጋጅ አገኛት። ነገሩን ሁሉ ነገራት፤ እየተቆጣ፣ ብርዱንም መሥሪያ ቤቱንም እየሰደበ።

“ሌላ አልሰጡህም?”

“ሰጡኝ እንጂ! ግን ምን ሰጡኝ? ላስቲክ!”

“ኪዳኑስ ጻፈ?”

“ጻፈ፣ እንደ ዶሮ።”

“ጻፈ ግን” አለች ጀሊላ። “አንድ ቀን፣ ለእኛ ስትል ላስቲክ ብትነካ ጣትህ ይቆረጥ ነበር?”

ሚስባህ ዝም ማለት ይችል ነበር፤ እሱንም ናቀው። “ጥፋቱ እኮ የዘይቱ ነው፤ ደሴ እንዲህ ባይበርድ ኖሮ…” ብሎ ጀመረ።

ጀሊላ ልጇን አነሳችና ጀርባዋ ላይ አዘለቻት።

“ነይ ዊዳዴ፣ ጎረቤት ላድርስሽ” አለች። “እንግዳው ይረፍበት።”